ሊድ 1 ተገልብጦ ሲወጣ፦ ሽቦ ነው ወይስ ልብ?

ተማሪ ነርስ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያሰፍር ምርመራ) ስናነሳ የምንለጥፈው 10 ኤሌክትሮድ ሆኖ ሳለ ወረቀቱ ላይ 12 ሊድ የሚወጣው እንዴት ነው? ደግሞም ሊድ 1 ላይ ፒም (የላይኛው የልብ ክፍሎች ሞገድ) ኪውአርኤስም (የታችኛዎቹ ሞገድ) ቁልቁል ሲወርዱ፣ ሽቦ ተቀያይሮ ይሁን በሽታ በምን ይለያል?

ሞገድ፦
ኤሌክትሮድ ቆዳ ላይ የሚለጠፈው ነው። ሊድ ግን ዕቃ አይደለም፤ የሁለት ቦታ የቮልቴጅ ልዩነት ነው። ሊድ 1 ከግራ እጅ ላይ የቀኝ እጅ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ሊድ 2 ከግራ እግር ላይ ቀኝ እጅ፣ ሊድ 3 ከግራ እግር ላይ ግራ እጅ ይቀነሳል። ኤቪአር (ቀኝ እጅ)፣ ኤቪኤል (ግራ እጅ) እና ኤቪኤፍ (ግራ እግር) እያንዳንዱን ከቀሪዎቹ ሁለት አማካይ ጋር ያነጻጽራሉ። ስለዚህ ሦስት ሽቦ ብቻ ስድስት ሊድ ይሰጣል። የደረቶቹ ስድስት (ከቪ1 እስከ ቪ6) ደግሞ ከሦስቱ አማካይ ጋር ይነጻጸራሉ። ቀኝ እግር ስሌቱ ውስጥ የለም፤ ሥራው የውጭ ረብሻ መቀነስ ነው። (በ1924 ኖቤል የተሸለመው አይንትሆቨን ሁለት እጅና ግራ እግር የጨው ውኃ ውስጥ አስነክሮ ነበር የሚለካው። ሦስቱ የቀሩት ከዚያ ነው።)

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የልቡ ኤሌክትሪክ ሞገድ ወደ ፖዘቲቩ (የሚቀነስለት) ኤሌክትሮድ ሲመጣ መስመሩ ይወጣል፣ ሲርቅ ይወርዳል። ፒ ከቀኝ ኤትሪየም (የልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል) አናት ተነስቶ ወደ ግራና ወደ ታች ስለሚሄድ ሊድ 1 ላይ ሽቅብ፣ ኤቪአር ላይ ቁልቁል መሆን አለበት። የሁለቱ እጅ ሽቦ ከተቀያየረ የሊድ 1 ምልክት ይገለበጣል፤ 2 እና 3 ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ኤቪአርና ኤቪኤልም እንዲሁ። ኤቪኤፍ አይነካም። ደረቶቹም አይነኩም፤ የሦስቱ አማካይ የትኛው ሽቦ የት እንዳለ ግድ አይሰጠውም።

መለያው እዚህ ላይ ነው። ልቡ በቀኝ በኩል ያለ ሰውም ሊድ 1 ይገለበጥበታል፤ ግን አር ሞገዱ (የኪውአርኤስ ሽቅብ ጫፍ) ከቪ1 ወደ ቪ6 እያነሰ ይሄዳል። ደረቶቹ ጤነኛ ሆነው፣ አር እንደ ወትሮው እያደገ ሊድ 1 ብቻ ከተገለበጠ መጀመሪያ እጆቹን እዩ።

ባዮሜድ፦
ሞገድ ያለው ልክ ነው፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «1 ሲደመር 3 እኩል ይሆናል 2» የሚለው ሕግ የሽቦ ስህተት አያጋልጥም። ብዙ ማሽን ከስድስቱ የእጅና እግር ሊዶች የሚለካው ሁለቱን ብቻ ነው፣ የቀሩትን አራቱን ያሰላል። ስለዚህ ሽቦ ቢዘባረቅም ድምሩ ሁሌ ይገጥማል።

ሌላው የሚያሳስተው፦ የቀኝ እጅና የቀኝ እግር ሽቦ ቢቀያየሩ ሊድ 2 ጠፍጣፋ መስመር ሊሆን ምንም አይቀረው። የቀኝ እጁ ሽቦ አሁን ያለው እግር ላይ ነው፤ የሁለቱ እግሮች ቮልቴጅ ደግሞ ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ሲቀናነሱ ምን ይተርፋል? የግራ እጁ ከቀኝ እግር ጋር ከተቀየረ ጠፍጣፋው ሊድ 3 ነው። ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ቢቀያየሩ ግን ምንም አይታይም።

ቀለም ላይ አትመኑ። በአውሮፓው አሠራር ቀይ ቀኝ እጅ፣ ቢጫ ግራ እጅ፣ አረንጓዴ ግራ እግር፣ ጥቁር ቀኝ እግር ነው። በአሜሪካው ነጭ ቀኝ እጅ፣ ጥቁር ግራ እጅ፣ ቀይ ግራ እግር፣ አረንጓዴ ቀኝ እግር። ሁለቱም ዓይነት ማሽን ባለበት ክፍል ሽቦው ላይ የተጻፈውን ፊደል አንብቡ።

ተማሪ ነርስ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገባኝ። መስመሩ ወፍሮ ጭረት ጭረት ሲልስ? ፊልተር ልጫን?

ባዮሜድ፦
መጀመሪያ ፊልተር አይጫንም። ጥርሶቹን ቁጠሪ። በ25 ሚሊሜትር በሰከንድ አንድ ትልቅ ካሬ 0.2 ሰከንድ ነው፤ በውስጡ 10 እኩል ጥርስ ካለ ረብሻው የ50 ኸርዝ መብራት ነው። ጄሉ ደርቆ ወይም ኤሌክትሮዱ ላልቶ ይሆናል፣ አለዚያም የመብራት ገመድ በታካሚው አጠገብ አልፎ። ጥርሱ ዝብርቅርቅ ከሆነ ጡንቻ ነው፦ በርዶታል ወይ ተንቀጥቅጧል፤ አልብሺው፣ እጁን ያሳርፍ። መስመሩ በሙሉ ከፍ ዝቅ ካለ ትንፋሽ ነው፣ ወይም ያልያዘ ኤሌክትሮድ። የ40 ኸርዝ ፊልተር የኪውአርኤስን ቁመት ያሳጥራል፤ የፊልተሩ ታችኛው ገደብ ከ0.05 ወደ 0.5 ኸርዝ ከተነሳ ደግሞ ኤስቲ (ከኪውአርኤስ ቀጥሎ ያለው፣ የልብ ድካም ጥቃት የሚታይበት መስመር) የሌለ ለውጥ ሊያሳይ ይችላል። የደረት ሕመም ላለው ሰው ይህ ቀላል ስህተት አይደለም።

ሞገድ፦
ደረቱ ላይ ደግሞ የሚበዛው ስህተት ቪ1ና ቪ2ን ወደ ላይ መለጠፍ ነው። የደረት አጥንቱን ከላይ ወደ ታች በጣት ስትዳስሺ ጉብታ ታገኛለሽ፤ ከጎኑ ያለው ሁለተኛው የጎድን አጥንት ነው። ከሥሩ ያለው ክፍተት ሁለተኛው ይባላል። እስከ አራተኛው ክፍተት ቁጠሪ፦ ቪ1 በቀኝ፣ ቪ2 በግራ። ከፍ ብለው ከተለጠፉ የድሮ የልብ ጡንቻ ጉዳት ወይም የቀኝ ቅርንጫፍ (የልቡ የኤሌክትሪክ መንገድ) መዘግየት የሚመስል ቅርጽ ይወጣል። ቪ4 አምስተኛው ክፍተት ላይ ነው፤ ቪ5ና ቪ6 በእሱ አግድም መስመር ይሄዳሉ እንጂ የጎድን አጥንቱን ተከትለው ወደ ላይ አይወጡም። ሽቦ መቀያየሩን ከጠረጠርሽ ደግሞ በአእምሮሽ ገልብጠሽ አታንብቢ፤ አስተካክለሽ እንደገና አንሺ፣ አሮጌው ወረቀት ላይም «የእጅ ሽቦ የተቀያየረበት» ብለሽ ጻፊበት።