ጆን ማክሎይ ሳይመረጥ ያን ሁሉ ሥልጣን ከየት አገኘ?

የሕግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር
ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥቅም ግጭት ለማቀርበው የሴሚናር ጽሑፍ ሳነብ ጆን ማክሎይ የተባለ አሜሪካዊ በየገጹ እየመጣብኝ ነው። በኒውዮርክ የትልልቅ ኩባንያዎች ጠበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ረዳት የጦር ሚኒስትር፣ በ1947 የዓለም ባንክ ፕሬዝዳንት፣ በ1949 በጀርመን የአሜሪካ ከፍተኛ ኮሚሽነር፣ በ1953 ደግሞ የቼዝ ባንክ ሊቀ መንበር ሆኗል። የኬኔዲን ግድያ በመረመረው የዋረን ኮሚሽንም አባል ነበር። ከእነዚህ ሁሉ አንዱንም በሕዝብ ድምፅ አላገኘውም። እኛ አገር የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም በፌደራል ደረጃ የተፈቀደው ገና በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ስለሆነ፣ የጥብቅና ቢሮ ሰውን እስከዚህ የሚያደርስበት መንገድ አልታይ ብሎኛል። የቤተሰብ ሀብት ነው ወይስ ሌላ?

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ ሽምብጥ
ልጄ፣ የቤተሰብ ሀብቱን ተወው። ማክሎይ እ.ኤ.አ. በ1895 ፊላዴልፊያ ተወለደ፤ አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ እናቱ የባለጸጎችን ወይዛዝርት ፀጉር እየሠሩ ነው ያሳደጉት። በ1921 ከሀርቫርድ በሕግ ተመርቆ ኒውዮርክ ገባ። ስሙን ያስጠራው የብላክ ቶም ጉዳይ ነው። በ1916 በኒውዮርክ ወደብ፣ ወደ አውሮፓ ጦርነት የሚላክ ጥይትና ፈንጂ የተከማቸበት ብላክ ቶም የተባለ ስፍራ በሌሊት ፈነዳ። ማክሎይ ካሳ ለሚጠይቀው የቤዝለሄም ብረት ኩባንያ ቆሞ፣ ፍንዳታው የጀርመን ሰላዮች ሥራ መሆኑን ለማስረዳት ለዓመታት በአውሮፓ ሳይቀር ማስረጃ ሲያፈላልግ ኖረ፤ በ1939 ጀርመን ኃላፊ ናት የሚል ውሳኔ አገኘ። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን በ1940 ወደ ዋሽንግተን የጠሩትም ለዚሁ ዕውቀቱ ነው።

እኔን እንደ ባንክ ሰው የሚያስደንቀኝ ግን የዓለም ባንክ ሥራው ነው። ሹመቱን ከመቀበሉ በፊት፣ የብድር ሐሳብ የሚመነጨው ከፕሬዝዳንቱና ከሠራተኞቹ እንጂ መንግሥታትን ከሚወክሉት የቦርድ ዳይሬክተሮች እንዳይሆን አስቀድሞ ተደራደረ። የመጀመሪያውን ብድር የወሰደችው ፈረንሳይ 500 ሚሊዮን ዶላር ጠይቃ 250 ሚሊዮን ብቻ አገኘች፤ ገንዘቡ ለተባለለት ዓላማ መዋሉን ባንኩ እንዲከታተልም ተስማማች። በዚያው ዓመት ባንኩ ቦንዱን ለዎል ስትሪት ሊሸጥ የቻለው ገበያው ማክሎይን ስለሚያውቀው ጭምር ነው።

ጠበቃ፣ ጎርጎራ
የጡረተኛው ወንድማችን ትረካ ትክክል ነው፤ ለጽሑፍህ የሚበጀው ግን ከ1961 ወዲህ ያለው ታሪክ ይመስለኛል። ማክሎይ ከቼዝ ባንክ ወጥቶ ወደ ጥብቅና ሲመለስ ደንበኞቹ ታላላቆቹ የነዳጅ ኩባንያዎች ነበሩ። የነዳጅ ላኪ አገሮች ማኅበር የሆነው ኦፔክ ከተመሠረተ በኋላ እነዚህ ኩባንያዎች እርስ በርሳቸው ተባብረው ከአምራች አገሮች ጋር ቢደራደሩ የአሜሪካ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ሊያስከስሳቸው ይችል ስለነበር፣ ከሮበርት ኬኔዲ ጀምሮ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በተለወጠ ቁጥር አዲሱ ሹም ቢሮ እየገባ ያ ቀን ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ያስረዳ ነበር። በ1971 ቀኑ ሲደርስ ኩባንያዎቹ ከፍትሕ ሚኒስቴር የይሁንታ ደብዳቤ አገኙ። በጉቦ የተገኘ ደብዳቤ አይደለም። ነገር ግን ማክሎይ በዚያው ዘመን የመንግሥት የትጥቅ ቅነሳ አማካሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ እናም ሚኒስትሩ በር ላይ የቆመው አማካሪው ነው ወይስ ጠበቃው ብለህ ብትጠይቅ መልስ አታገኝም። እኔ ብሆን ጽሑፌን ከዚህ ነበር የምጀምረው።

የታሪክ መምህርት፣ ዘጌ
ሁለታችሁም ስለ ብልሃቱ ስታወሩ ዋጋ የከፈሉትን ዘላችኋቸዋል። በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸው 120,000 ያህል ሰዎች፣ አብዛኞቹም አሜሪካውያን ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነሥተው ካምፕ ሲገቡ በጦር ሚኒስቴር ጉዳዩን ከያዙት ዋነኞቹ አንዱ እርሱ ነበር። የብላክ ቶም ሰላዮች ከአእምሮው አልወጡም ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይሁንና ከእነዚያ ሰዎች አንድም በሻጥር ወንጀል የተፈረደበት አልነበረም። ኋላ የእነዚሁ ሰዎች ልጆች በጦሩ ውስጥ እንዲሰለፉ መደገፉን አልክድም። ቢሆንም በ1981 አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ውሳኔውን ተከላከለ። ኮሚሽኑ ግን ምክንያቱ የዘር ጥላቻ፣ የጦርነት ድንጋጤና የፖለቲካ አመራር ድክመት ነው ብሎ ደመደመ፤ በ1988 በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20,000 ዶላር ካሳ በሕግ ተፈቀደ። በምርጫ የመጣ ሹም በምርጫ ይጠየቃል፤ እርሱ ግን የሚጠይቀው መራጭ አልነበረውም።

የሕግ ተማሪ፣ ባሕር ዳር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ለኢትዮጵያ የተሰጠውን የመጀመሪያ ብድር የፈረመው እርሱ ነው?

ጡረተኛ የባንክ ሠራተኛ፣ ሽምብጥ
አይደለም። ማክሎይ ባንኩን የለቀቀው በ1949 ሲሆን ለኢትዮጵያ ለመንገድና ለልማት ባንክ የተሰጠው ብድር የተፈረመው በ1950 ነው። በዚያን ጊዜ ፕሬዝዳንቱ ዩጂን ብላክ ነበር፤ እርሱንም ከቼዝ ባንክ ያመጣው ማክሎይ ነው።