«መጥተህ እይ» ሐሙስ ይደገም ወይስ ይቅር?

ከዚራ ማዶ
ጀማዓ፣ ባለፈው ሐሙስ ግማሻችሁ ተኮራርፋችሁ ስለሄዳችሁ ክርክሩን እዚሁ እንጨርሰው። ላልነበራችሁ፦ ሙቀቱን ሽሽት ቴሌቪዥኑን ግቢ አውጥተን «መጥተህ እይ»ን አየን። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣ የሶቪየት ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ኤሌም ክሊሞቭ። ርዕሱ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ነው፤ ማኅተሞቹ ሲፈቱ የሚሰማው ቃል። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1943፣ አገሩ በናዚ የተያዘችው ቤላሩስ። ፍልዮራ የሚባል የገጠር ልጅ አሸዋ ቆፍሮ ጠመንጃ ያወጣና ደን ከገቡት አርበኞች ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ የሚያየውን እኛም አብረነው አየን። ስንጀምር 11 ነበርን፣ ሲያልቅ 6።

የፊታችን ሐሙስ ላመለጣቸው ይደገም ወይ? እኔ ይደገም ባይ ነኝ። የጦርነት ፊልም ስንት አይቻለሁ፤ ሲያልቅ መሣሪያ መያዝ ያላማረኝ በዚህ ብቻ ነው።

የሳቢያኗ
ከወጡት አንዷ እኔ ነኝ። ሕዝቡን እንጨቱ ቤት ውስጥ አጉረው በሩን ሲዘጉት ተነሳሁ። «ፈራች» ስትሉ ሰምቻችኋለሁ። አልፈራሁም። ሌሊት ተረኛ ሆኜ የማድር ሰው ነኝ። የተቃጠለ ሰው ሲመጣ ከበሩ ቀድሞ የሚገባው ሽታው ነው። ደግሞ ክፉኛ የተቃጠለው አይጮኽም፣ ነርቩ አብሮ ስለሚቃጠል ዝም ይላል፤ የሚጮኸው ትንሽ የተረፈው ነው። ይሄን የማውቅ ሰው በዕረፍት ማታዬ ተቀምጬ ምን ልማር?

ደቻቱ
አቦ እኛ ነርስ አይደለንም! በርጫ ላይ የምናያቸው አክሽኖች ውስጥ አንድ ሰውዬ ብቻውን መቶ ሰው ሲጨርስ ማን ተነስቶ ወጣ? ፈንድሻ እየበላን አይደል የምናየው? ይሄኛው እንዳንዝናና ስላደረገን ነው የተናደድነው። ግን ወላሂ ረዝሟል። 2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ፣ በዛ ሙቀት።

ከጀጎል
ደቻቱ ሳያስበው ዋናውን ነገር ተናገረ። እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝና ትንሽ ታገሡኝ።

አንደኛ፣ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ከክሊሞቭ ጋር ድርሰቱን የጻፈው አሌስ አዳሞቪች ራሱ በልጅነቱ ከአርበኞቹ ጋር የነበረ ሰው ነው። ኻቲን የምትባለው መንደር እ.ኤ.አ. መጋቢት 22 ቀን 1943 እንደዚያው ተቃጥላለች፤ 149 ሰው፣ 75ቱ ልጆች። ፊልሙ ሲያልቅ ከነሰዎቻቸው የተቃጠሉ 628 የቤላሩስ መንደሮች ይላል። የሶቪየት ሳንሱር ለዓመታት ከልክሎት ነው የተሠራው።

ሌላው፣ ስድስት ኪሎ የምታልፉ ሁሉ የየካቲት 12ን ሐውልት ታውቃላችሁ። ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. የፈጀው ሕዝብ፣ ሬሳው ሳይቀር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀርጿል። ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን በየቀኑ በሥሩ ያልፋል። «ይሸፈን» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።

ደግሞስ ስልካችን? በቴሌግራም ስንት ሬሳ ይመጣልናል? የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንደሆነ የለውም፤ «አስተላልፉ» ብቻ። የሚላከው አንዱን ሕዝብ እንድንጠላ ነው። መጨረሻ ላይ የቀራችሁ 6 ሰዎች፣ ልጁ ረግረጉ ውስጥ የወደቀውን የሂትለር ሥዕል ሲተኩስበት አይታችኋል። በተኮሰ ቁጥር ጊዜው ወደ ኋላ ይሄዳል፦ ቦምቡ ይሰበሰባል፣ ሰልፉ ይበተናል፣ ሂትለር ወጣት ይሆናል፣ መጨረሻ ላይ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን። እዚያ ላይ ልጁ አልተኮሰም። ያን ሁሉ አይቶ። በስልክ የሚመጣልን ቪዲዮ እዚህ ቦታ ላይ አያደርሳችሁም።

የሳቢያኗ
መምህር፣ ያልከውን አልክድም። ግን እዚያ መጨረሻ ላይ የደረሰው ስንቱ ነው? ደቻቱ የደረሰ መስሎሃል? ቃጠሎውን ከቴሌቪዥኑ ላይ በስልኩ ቀድቶ ስታተሱ ላይ ለጥፎታል። ሃያ ሰከንድ፣ ከነሳቅ ምልክቱ። ኻቲን የለም፣ 628 የለም፣ ሕፃኑም የለም።

ከወጣሁ በኋላ ስለቀጣዩ ትዕይንት ነግራችሁኛል፤ ወታደሮቹ ልጁን አንበርክከው፣ ጭንቅላቱ ላይ ሽጉጥ ደግነው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ አላችሁኝ። እኛ ግቢ ውስጥም ስልክ ያነሣ ነበር።

ደቻቱ
የሳቅ ምልክቱን ሳላስበው ነው የነካሁት።
አውርጄዋለሁ።

ከዚራ ማዶ
ተወው ደቻቱ፣ ሁላችንም የለጠፍነው አለ። ግን የሳቢያኗ፣ ይሄ የፊልሙ ጥፋት ነው?

የሳቢያኗ
የፊልሙም ጥፋት አለው። ፍልዮራን የሠራው አሌክሴይ ክራቭቼንኮ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፣ ከዚያ በፊት ትወና የማያውቅ። በላዩ ያለፈው ጥይት እውነተኛ ነው። ሜዳው ላይ የወደቀችው ላምም እውነት ተመትታ ነው የሞተችው። ስለ ጭካኔ ለማስተማር ላም ገድሎ፣ ልጅ አስደንግጦ? ይሄን ለምን ማንም አያነሣም?

ከጀጎል
እሱ ላይ መልስ የለኝም። ላሟ እኔንም አልተወችኝም። ክሊሞቭም ከዚህ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠራም።

ሸመንደፈር
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ጣቴ ወፍራም ስለሆነ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

እኔ እስከ መጨረሻው ካዩት አንዱ ነኝ። ቃጠሎው አይደለም የያዘኝ። መጀመሪያ አካባቢ ደኑ በቦምብ ሲደበደብ ልጁ ጆሮው ይደነቁራል፣ አይደል? ከዚያ ፊልሙም አብሮት ይደነቁራል። ሰው አፉን ያንቀሳቅሳል፣ የሚሰማው ሲሲሲሲ ብቻ። እናንተ ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሏችሁ «ድምፁን ጨምረው» ስትሉ ነበር። እኔ ግን አወቅሁት።

በ1969 ነሐሴ ላይ የዚያድ ባሬ ጦር ድሬ ሲመጣ ልጅ ነበርኩ። እናቴ አራታችንንም አልጋ ሥር አስገብታ ፍራሹን ከፊት ለፊት አቆመችው። አንዱ ከባድ መሣሪያ ቅርብ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የእናቴን አፍ አያለሁ፣ ድምፅ የለም። ያ ሲሲሲ ሦስት ቀን ነው የቆየው። ለማን ይነገራል? ጆሮዬ ጮኸ ብትል ሰው የሞተበት አለ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። ሐሙስ ቤት ስገባ ለባለቤቴ ነገርኳት።

የሳቢያኗ
ጋሼ፣ እንዲህ መሆኑን ባውቅ ኖሮ… ታዲያ እርስዎ ይደገም ነው የሚሉት?

ሸመንደፈር
አንተ በይኝ ብያለሁ፤ ድሬ ነው ያለሽው፣ እዚህ እርስዎ የሚባል ሰው የለም።

ይደገም። ግን የልጅ ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ «ባባ እኔም ልይ» እያለ ነው፣ እሱን አላመጣውም። ፊልሙ ውስጥ የልጁን ፊት አያችሁ? ሲጀምር ለስላሳ ነው፣ ሲያልቅ ግንባሩ እንደ እኔ ተጨማዷል፣ በጥቂት ቀን ውስጥ። በዚያ ዕድሜ ልጄ ያንን ፊት እንዲያይ አልፈልግም። እናንተ ሠላሳ ያለፋችሁት እዩት፣ ጦርነትን እንደ ኳስ ጨዋታ የምታወሩ አላችሁና።

ከዚራ ማዶ
እሺ እንግዲህ፦ ሐሙስ 1 ሰዓት ላይ ይደገማል። ልጅ ይዞ መምጣት የለም። ስልክ በር ላይ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል፣ ደቻቱ ሳህኑን ይጠብቃል። መሃል ላይ ተነስቶ የሚሄድን ሰው «የት ነው» የሚለው አይኖርም። የሳቢያኗ ትመጫለሽ?

የሳቢያኗ
ተረኛ ነኝ። ባልሆንም አልመጣም ነበር።

ከጀጎል
እኔ ከሐረር በመጨረሻው መኪና እደርሳለሁ፣ ማደሪያ አዘጋጁልኝ። ሆጃ ይዤ እመጣለሁ።

ደቻቱ
ለሳህኑ ጥበቃ ሳምቡሳ ይከፈለኛል?

ሸመንደፈር
እኔም አልመጣም፤ አንዴ በቃኝ። ወንበሬ ግን እዚያው ግቢ ነው ያለው። የኋላ እግሩ ይነቃነቃል፤ የሚቀመጥበት ሰው ወደ ግድግዳው ያስጠጋው።