ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ ያስኬዳል ወይ?

ጉዳዩ፦ ጓሯቸው ኩታ ገጠም የሆነ ሁለት ጎረቤታሞች ናቸው። አንደኛው ልክ በድንበሩ መስመር ባሕር ዛፍ ደርድሮ አጥር ሊያደርገው ነው። ከወዲያ ማዶ የሌላው ጌሾና ድንች አለ። «በገዛ ይዞታዬ ብተክል ማን ምን አገባው?» ይላል ተካዩ።

ከመራዊ፦ ያገባዋል እንጂ! የባሕር ዛፍ ሥር ወደ ጎን ይሄዳል፤ 10 ሜትር ርቆ ያለ ሰብል እንኳ ሲቀጭጭ ይታያል። ድንበር ላይ የቆመ ዛፍ ግማሽ ውኃውን የሚጠጣው ከጎረቤት ነው። ጥላው ሲጨመርበት ድንቹ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ከዳንግላ፦ ለዚህ እኮ ቦይ አለለት ወንድሜ። በዛፉና በጎረቤቱ ሰብል መካከል፣ ከዛፉ 1 ሜትር ፈቀቅ ብሎ፣ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈርና ሥሩ ይቆረጣል። ባሕር ዛፍ በ5 ዓመት ለቋሚ ይደርሳል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ይህን ገቢ ተው ማለት ቀላል አይደለም።

ከመራዊ፦ ቦዩንስ ማን ይጠርገዋል? አንድ ክረምት ሲዘንብ ጠርዙ ይናዳል። አመድና የቤት ጥራጊ ይደፋበታል፤ ያ ልም አፈር ደግሞ ሥሩን ይጠራዋል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ካልተከፈተ ቦይ የለም በሉት።

ከደጀን፦ በኛ ዋልካማ (ጥቁር ሸክላ) አፈር በጋ ላይ መሬቱ ራሱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ቦይ አይቆምበትም።

ከደብረ ማርቆስ፦ «በይዞታዬ ነው» የሚለው ብቻውን መልስ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለ ሀብት (የንብረቱ ባለቤት) ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ይከለክላል። ግን ጉዳቱ መታየት አለበት። ሰብሉ መሬት ላይ እያለ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጠርቶ ማሳየት ነው፤ ከታጨደ በኋላ ክስ ወሬ ይሆናል።

አናጺ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ሁላችሁም ዛፉን ያዛችሁ። ሰው የሚጣላው ቋሚ ሲተከል ነው። መጀመሪያ ሁለቱም ቆመው እያዩ ከወሰን ድንጋይ እስከ ወሰን ድንጋይ ሲባጎ ይወጠር። ቋሚው ከሲባጎው በሚያጥረው ሰው በኩል ይግባ፤ ሲባጎው ላይ የተከለ ሰው የቋሚውን ውፍረት ግማሽ ገፍቷል። ጉድጓዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ በዋልካ 80፣ ዙሪያው በድንጋይ ይጠቅጠቅ። በቋሚና በቋሚ መካከል 2 ሜትር ይበቃል። አፈር የሚገባው ጫፍ እሳት ላይ ለብለብ ይደረግ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀባ፤ ያለዚያ ምስጥ በ2 ዓመት ይጨርሰዋል። የምስማሩ ጫፍ ወደ ጎረቤት ሾልኮ እንዳይቀር ይታጠፍ፣ ልጅ ይቦጭራል። ወሰን ድንጋዩን ግን «አጥሩ አለ» ብሎ የሚነቅል አለ፤ ይኼ አጥር ሳይሆን ነገር መትከል ነው።

ከቡሬ፦ አጥሩ ለምን ሰንሰል የሚባለው ቁጥቋጦ አይሆንም? ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲይዝ፣ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ሲሶው አፈር እንዲገባ ማስገባት ነው። በሁለት ረድፍ፣ በ25 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ የኋለኛው ከፊተኛው ክፍተት ፊት ለፊት። ከብት አይበላውም፣ ንብ ይወደዋል። ቅንጭብ ግን ልጆች ባሉበት ባይሆን ይሻላል፤ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

ከዳንግላ፦ ሰንሰል ዶሮ አያግድም። በሥሩ እየሾለከች ጎመን ትጨርሳለች።

ከቡሬ፦ እሱስ እውነት ነው። የታችኛውን ሁለት ስንዝር በጨፈቃ መጠቅጠቅ ነው፤ በየክረምቱ ይታደሳል።

ከዳንግላ፦ እሺ፣ ባሕር ዛፉ ወደ ውስጥ ይግባ። ግን 10 ሜትር ካላችሁ የብዙ ሰው ጓሮ ራሱ 10 ሜትር አይሞላም።

ከመራዊ፦ እንግዲያ ጓሮ ላይ ባሕር ዛፍ አይተከላ!

ከዳንግላ፦ ቆሞ ያለውስ?

ከደብረ ማርቆስ፦ የቆመው ለቋሚ እስኪደርስ ይቆይ፣ ከዚያ ይቆረጥና ጉቶው ይነቀል ብሎ ሽማግሌ ፊት መዋዋል ነው። ቁረጥ ብቻ ተብሎ ጉቶው ከቀረ ያው ዛፍ በ5 ዓመት ይመለሳል። «ጉቶው» የምትለዋ ቃል ወረቀቱ ላይ ትስፈር።