እማዬ ለጭንቅላት ኤምአርአይ የታዘዘላት ኮንትራስት ጠፋ፤ በሌላ ብንቀይረው ችግር አለው?

ማለዳ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 61 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። ሁለት ወር ሙሉ ራሷን ሲያማት ከርሞ ባለፈው ሳምንት ቡና እየቆላች እጇ ደነዘዘና መቁያው ወደቀ። ሲቲ ስካን ላይ የሆነ ነገር ታየ። ዕጢ ይሁን ኢንፌክሽን ለመለየት ኤምአርአይ በኮንትራስት (የታመመው ቦታ ፊልሙ ላይ እንዲጎላ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት) ታዘዘ፤ መድኃኒቱን ራሳችሁ ገዝታችሁ ኑ ተባልን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጋዶቴሬት ነው፣ ባለ 15 ሚሊ። ከቃሊቲ ጀምሬ ፋርማሲ ለፋርማሲ ስዞር ዋልኩ፣ የለም። አንዱ ጋ ጋዶቡትሮል አገኘሁ፤ ግን ብልቃጡ 7.5 ሚሊ ብቻ ነው፣ ግማሽ! ሌላው ጋ ደግሞ ጋዶዲያማይድ አለ፣ ዋጋውም ቀነስ ይላል። ሻጩ "ሁሉም ያው ጋዶሊኒየም ነው" አለኝ። በዚህ ላይ ጎረቤታችን "ቀለሙ ጭንቅላት ውስጥ ይቀራል" ብላ እማዬን አስፈራራቻት፤ አሁን "መርፌው ይቅርብኝ፣ ዝም ብለው ያንሱኝ" እያለች ነው። የቱን ልግዛ? ወይስ ጭራሽ ይቅር?

ባለ ማሽኑ፦
እህቴ፣ እማማን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። "ሁሉም ያው ነው" የሚለውን አትቀበይ። ጋዶሊኒየም ብረት ነው፤ ብቻውን ደም ውስጥ ከገባ መርዝ ነው። ስለዚህ በሌላ ሞለኪውል ታስሮ ነው የሚሰጠው፣ ልዩነቱም አስተሳሰሩ ላይ ነው። ጋዶቴሬትና ጋዶቡትሮል ብረቱን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይዘውታል፤ ክዳኑ የተገጠመ ሙዳይ በይው። ጋዶዲያማይድ ግን ክፍት ሰንሰለት ነው። ነጠላ ጫፍ ላይ እንደተቋጠረ ሳንቲም ነው፣ ቋጠሮው ሊላላ ይችላል።

ጎረቤታችሁም ከሜዳ ተነስታ አይደለም የተናገረችው። እ.ኤ.አ. በ2014 የጃፓን ተመራማሪዎች ክፍት ሰንሰለት ያላቸውን ደጋግመው የወሰዱ ሰዎች አእምሮ ውስጥ የቀረ ጋዶሊኒየም ምልክት አይተው አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአውሮፓ መድኃኒት ኤጀንሲ ጋዶዲያማይድን አገደው። ይሄ የቀረው ነገር አእምሮን መጉዳቱ ግን አልተረጋገጠም፣ ይህንንም ንገሪያት። ቀለበት ያላቸው የሚያስቀሩት በጣም ያነሰ ነው።

ብልቃጡ ማነሱ አያሳስብሽ። ጋዶቡትሮል በአንድ ሚሊ ውስጥ የያዘው ጋዶሊኒየም የጋዶቴሬት እጥፍ ነው። እማማ 60 ኪሎ ቢሆኑ ጋዶቴሬት 12 ሚሊ ይሰጣቸዋል፣ ጋዶቡትሮል ደግሞ 6 ሚሊ። የሚገባው ብረት እኩል ነው። አንዳንድ ቤተሰብ "አሳንሰው ወጉብን" ብሎ ይጣላናል፤ ነገሩ እንዲህ ነው።

የኮዬ ልጅ፦
"ያለ መርፌ ያንሱኝ" ለሚሉት እማማ የወንድሜን ታሪክ ንገሪልኝ። ሳል የለውም፣ ትኩሳት የለውም፣ ድንገት ጣለው። ገንዘብ ስላጠረን መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት አስነሳነው። እብጠት አለ፣ ምንነቱ አይታወቅም ተባለ። ዕጢ ነው ብለን ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ሆነ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተበድረን በኮንትራስት ሲነሳ ዙሪያው ነጭ ቀለበት የሠራ ነገር ፊልሙ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሐኪሙ ፊልሙን መስኮት ላይ ይዞ አሳየኝ። ጤነኛ አእምሮ ውስጥ ያሉት የደም ሥሮች መድኃኒቱን አያሳልፉም፣ የሚያፈሰው የታመመው ቦታ ነው፣ ስለዚህ እሱ ብቻ ያበራል አለኝ። ከሌሎች ምርመራዎች ጋር አያይዘው ቲቢ ነው አሉ። መድኃኒቱን ጨርሶ ዛሬ ሥራው ላይ ነው። ያቺን ሦስት ሳምንት ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። መርፌው ሲገባ ክንዱን ቀዝቀዝ ከማለቱ በቀር ምንም አልተሰማውም።

ነርቭ ክፍል፦
ሐኪም ነኝ። ስኳር ስላለባቸው መጀመሪያ ክሬቲኒን (ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታይ። መድኃኒቱ የሚወጣው በኩላሊት ነው። የኩላሊት የማጣራት አቅም ከ30 በታች ከሆነ ጋዶዲያማይድ ጭራሽ አይነካም፤ ቆዳን የሚያደድርና መገጣጠሚያን የሚያስተሳስር ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል፣ ይህ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ይታወቃል። ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በዚህ ምክንያት ማቋረጥ አያስፈልጋቸውም፤ ጥንቃቄው ለሲቲ ስካን ለሚሰጠው አዮዲን ላለበት ኮንትራስት ነው፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ለስትሮክ ወይም ለመርሳት ሕመም ቢሆን ኖሮ ብዙ ጊዜ ያለ ኮንትራስትም ይበቃ ነበር። ለእናትሽ ጥያቄ ግን ያስፈልጋል። ከመግዛትሽ በፊት ለሚያነሳው ማዕከል ደውለሽ መቀየሩን አስታውቂ፣ መጠኑን የሚያሰሉት እነሱ ናቸው። በሚቀጥለው ክትትልም ይኸው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው፣ ማወዳደሪያው እንዳይዛባ። የፊልሙን ሲዲ አትጣይ።

ማለዳ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ክሬቲኒኗ 0.8 ወጣ፣ ደህና ነው ብለውኛል። ማዕከሉ ጋ ደወልኩ፣ ጋዶቡትሮሉን አምጪው አሉኝ። ገዝቼ ከነካርቶኑ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌዋለሁ። የሙዳዩንና የነጠላውን ነገር ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና የራሷን ነጠላ ጫፍ ይዛ ቋጠሮውን ፈታች፣ ለታክሲ ያስቀመጠቻትን ብር አውጥታ ሰጠችኝ። እሮብ ጠዋት 2 ሰዓት ነው ቀጠሯችን።