አትራ፣ ኤንሲቲአርሲ ወይስ የስቴት ማኅበር? ለሪክሬሽናል ቴራፒ ጀማሪ

ተመራቂዋ
ሰላም ለሁላችሁም። አሜሪካ ውስጥ ሪክሬሽናል ቴራፒ (በመዝናኛና በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) እያጠናሁ ነው፤ የቀረኝ ኢንተርንሺፑ ነው። አትራ፣ ኤንሲቲአርሲ፣ የስቴት ማኅበር ሁሉም ክፍያ ይጠይቃሉ። የቱ ግዴታ ነው? የቱ ቢቆይ ችግር የለውም? ደግሞ «ከባለሙያዎች ጋር ተዋወቂ» ይሉኛል፤ ማንንም ሳላውቅ ከየት ልጀምር?

ማኅደር
ስማቸው አብሮ ስለሚጠራ እንጂ ሥራቸው ይለያያል። ኤንሲቲአርሲ ማኅበር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመ፣ ፈተና የሚፈትንና ሲቲአርኤስ የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ የሚሰጥ አካል ነው። አትራ እ.ኤ.አ. በ1984 የተመሠረተው የሙያ ማኅበር ነው፤ ኮንፈረንስ ያዘጋጃል፣ የአሠራር ደረጃዎችና የሥነ ምግባር ደንብ ያወጣል፣ ለሙያው ይሟገታል። ግን ማረጋገጫ አይሰጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለማኅበሩ መዋጮ ከፍሎ ሲቲአርኤሱም አብሮ የታደሰ ይመስለዋል። ለኤንሲቲአርሲ በየዓመቱ የሚከፈለው የራሱ ክፍያ አለው፤ እሱ ከተዘነጋ የማኅበር ካርድ አያድንም።

በአንቺ ሁኔታ ኤንሲቲአርሲ የሚቀር ነገር አይደለም፣ አብዛኛው ቀጣሪ የሚጠይቀው ሲቲአርኤስን ነው። አትራ ግዴታ የለውም፤ ሆኖም የተማሪ አባልነት ስላለው ሳትመረቂ መግባቱ ይሻላል። የስቴት ማኅበር እንደምትሠሪበት ስቴት ይወሰናል። ዩታ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ኦክላሆማና ኒው ሃምፕሻየር ከሲቲአርኤስ ሌላ የስቴት የሙያ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ እንዲህ ባለ ቦታ የሕግ ለውጥ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰማው የስቴቱ ማኅበር ነው።

የቆዩ መጻሕፍት ላይ ኤንቲአርኤስ የሚባል ማኅበር ካገኘሽ ለመመዝገብ አትፈልጊው። እ.ኤ.አ. በ1966 ተመሥርቶ በ2010 የተዘጋ ነው።

የክፍል 3 መብራት
ማኅደር ያለው ትክክል ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በፊት ኢንተርንሺፑን እላለሁ። ቢያንስ 560 ሰዓት በ14 ተከታታይ ሳምንት ያስፈልጋል። ቦታው ላይ የሚቆጣጠርሽም ሆነ ከዩኒቨርሲቲ የሚከታተልሽ ሰው ሲቲአርኤስ መሆን አለባቸው። የተቋሙ ስም ትልቅ ስለሆነ ብቻ ይህን ሳያጣሩ የሚገቡ አሉ፤ የሱፐርቫይዘሩ ማረጋገጫ ጊዜው ካለፈ ሰዓቱ ላይቆጠር ይችላል። ስሙን ጠይቀሽ ኤንሲቲአርሲ ድረ ገጽ ላይ አሁን የጸና መሆኑን እይ፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሱፐርቫይዘሩ መሃል ላይ ሥራ ከለቀቀ ደግሞ በዚያው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲው አሳውቂ፤ መጨረሻ ላይ የሚነሳ ጥያቄ ከባድ ነው።

የስቴት ማኅበር ትልቁ ጥቅም እንዲያውም ይኸው ነው፤ ተማሪ የሚቀበሉትን ተቋማትና ሱፐርቫይዘሮች በስም የሚያውቁት እዚያ ያሉ ሰዎች ናቸው።

ሰባ_ሁለት
ስለ መተዋወቅ ልጨምር። «ሥራ ካለ ንገሩኝ» ብሎ መልእክት የሚልክ መልስ አያገኝም፣ ምክንያቱም ሰውየው በእጁ የሚሰጠው ነገር የለም። አምስት መስመር ይበቃል፦ ማን እንደሆንሽ፣ የትኛው ዘርፍ ላይ እንዳተኮርሽ፣ አንድ የተለየ ጥያቄ፣ የ15 ደቂቃ ጊዜ። ጥያቄው ጠበብ ይበል። «በአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ የሚቆዩት ጥቂት ቀን ብቻ ለሆኑ ሕሙማን የመጀመሪያ ምዘና የምትጠቀሙት ምንድን ነው?» ቢባል ባለሙያው ደስ ብሎት ይመልሳል።

ኮንፈረንስ ላይ ፕሮግራሙን ቀድመሽ አንብቢና ሦስት አቅራቢ ምረጪ። ዋናው አዳራሽ ውስጥ ሰው ለማነጋገር አይመችም፤ የፖስተር ክፍለ ጊዜ (ጥናት በትልቅ ወረቀት ተለጥፎ የሚታይበት) ላይ ግን አዘጋጁ ራሱ ቆሞ ጠያቂ ይጠብቃል። ያወራሻቸውን ሰዎች በሁለት ቀን ውስጥ ጻፊላቸው፣ ከሳምንት በኋላ ፊትሽን አያስታውሱም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በኢንተርኔት ቡድኖች የታካሚ ጉዳይ ስታነሺ ስም መሰረዝ አይበቃም። በሂፓ (የታካሚን መረጃ ምስጢር በሚጠብቀው የአሜሪካ ሕግ) ታካሚን ለመለየት የሚያስችሉ ተብለው የሚወጡት መረጃዎች 18 ዓይነት ናቸው፤ ሆስፒታል የገባበት ቀን፣ ከ89 ዓመት በላይ የሆነ ዕድሜ፣ ከተማ ሁሉ ይገባሉ። ብርቅ የሆነ ምርመራ ከከተማ ስም ጋር ተጻፈ ማለት ቤተሰቡ ያውቀዋል ማለት ነው። «በስድሳዎቹ ያለ፣ ከስትሮክ የሚያገግም፣ ቀኝ እጁ የደከመ» በቂ ነው።

ተመራቂዋ
እናመሰግናለን። ኮንፈረንሱ ላይ የማገኛቸው ሰዓቶች ለሲቲአርኤስ እድሳት ይቆጠሩልኛል?

ማኅደር
ሲቲአርኤስ ካገኘሽ በኋላ ያሉት ብቻ። ዑደቱ አምስት ዓመት ነው፤ በዚያ ውስጥ 480 ሰዓት የሙያ ሥራና 50 ሰዓት ቀጣይ ትምህርት ይጠየቃል፣ ወይም ፈተናውን እንደገና መውሰድ ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ያለውን አሃድ አጥብቀሽ እይ። 1 ሲኢዩ (የቀጣይ ትምህርት መለኪያ አሃድ) 10 ሰዓት ነው፤ 0.1 ያለው የአንድ ሰዓት ስልጠና ነው። 50 ሰዓት ማለት 5 ሲኢዩ ነው፤ ይህን አቀላቅሎ «50 ሲኢዩ ጎደለኝ» ብሎ የደነገጠም አለ። ርእሱ ከሙያው የዕውቀት ዘርፎች ጋር ካልተያያዘ ደግሞ አይቆጠርም። ስለ ቢሮ ሶፍትዌር ግማሽ ቀን መቀመጥ ለብቻው ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ የምስክር ወረቀት ላይ ስምሽ፣ ርእሱ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱና የአዘጋጁ ስም መኖሩን እዚያው ቆመሽ አረጋግጪ፤ አዘጋጁ ከተበተነ በኋላ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

የክፍል 3 መብራት
እና በየዓመቱ አሥር አሥር ሰዓት ያዢ። አምስተኛው ዓመት ላይ 40 ሰዓት የሚሯሯጥ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን ርእስ ነው።