ካምቢዮው ከሞተሩ ብሎክ ጋር አልገጥም አለ፤ በብሎን ልጎትተው?

ጠያቂ፦ መኪናው ሥር እንደተኛሁ ነው የምጽፈው። የፍሪሲዮን ዲስክ ቀይሬ ካምቢዮውን ስመልስ አንድ ጣት ያህል ሲቀረው ቆመ። ከላይ ሲጠጋ ከታች ይከፈታል። ረጃጅም ብሎኖች አስገብቼ ዙሪያውን ባጠብቅ ይገባል? ክሪኩ እየተንገዳገደ ስለሆነ ቶሎ መልሱልኝ።

መፍቻ 13፦ በብሎን አይጎተትም! የፍሪሲዮን ቤቱ (ፍሪሲዮኑን ሸፍኖ ከብሎኩ ጋር የሚገጥመው የካምቢዮው ፊት) አሉሚኒየም ከሆነ ብሎን የሚገባበት ጆሮው ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ የምትጠይቀን ስለ ብየዳ ነው።

ዘይት ለባሽ፦ መጀመሪያ ከሥሩ ውጣና ክሪኩን አስተካክል። ጽሑፉ ይደርሳል።

የድሮ መካኒክ፦ ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ቤቱን ከብሎኩ ጋር መሃል ለመሃል የሚያስቀምጡት ሁለቱ መምሪያ ፒኖች (ከብሎኩ ወጣ ብለው ቤቱ ቀዳዳ ውስጥ ልክ የሚገቡ አጫጭር ብረቶች) ናቸው። የብሎን ቀዳዳ ከብሎኑ ስለሚሰፋ ብሎን ማጥበቅ እንጂ ማቃናት አይችልም። መሃሉን የሳተ ካምቢዮ ማርሽ አልገባም ይላል፣ የዘንጉ ጫፍ የሚያርፍበትን ትንሽ ኩሽኔታም ይበላል። ጥንቁቅ ሰው ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ቮላኖው ላይ፣ ማለትም በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ያለው ከባድ ክብ ብረት ላይ፣ አስሮ ዋናውን ዘንግ (ክራንክሻፍቱን) እያዞረ የቤቱን መሃል ቀዳዳ ዙሪያ ይለካል። ሙሉ ንባቡ፣ ማለትም የትልቁና የትንሹ ልዩነት፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ከሆነ መሃሉ የሸሸው የዚያን ግማሽ ነው፤ ሙሉ ንባቡ ከ0.25 ካለፈ መሃላቸው ዘወር ያለ (ሁለቱ ጫፎቻቸው በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ) ፒኖች ይተከላሉ።

ማርሽ አራት፦ ጋሼ፣ ብሎኩም ቤቱም የነበሩት ናቸው፤ ዲስክ ለቀየረ ሰው ጌጅ ምን ያደርጋል? የሚገናኙበት ፊት ከዝገትና ከጭቃ ይጽዳ፣ በቃ።

ጠያቂ፦ ፒኖቹ ስለሚያግዱኝ አውጥቻቸዋለሁ፤ አሁንም ያው ነው። የተሸጠልኝ ዲስክ የተሳሳተ መሆን አለበት።

ማርሽ አራት፦ ዲስኩን ከመክሰስህ በፊት አውጥተህ ለብቻው በካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ላይ ሞክረው። ጥርስ ለጥርስ ከተንሸራተተ ዲስኩ ትክክል ነው፤ ስትገጥመው መሃሉን አልያዘም ማለት ነው። መልሰህ ስትገጥመው የፕሬሸር ፕሌቱን (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነውን ሳህን) ብሎኖች ዲስኩ በእጅ እንዲንቀሳቀስ ያህል ብቻ ያዛቸው፤ ማስተካከያ ዘንጉን (የመግቢያ ዘንጉን ቅርጽ የያዘውን መሣሪያ) በዲስኩ አሳልፈህ እስከ ትንሿ ኩሽኔታ አስገባ፤ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እያፈራረቅህ አጥብቅና ዘንጉን አውጣ። ካምቢዮውን ስታስጠጋ ማርሽ ውስጥ ይሁን፤ አንድ ሰው የኋላ መውጫውን ቀስ እያለ ያዙር። በእጅ ግፊት ቤቱ ብሎኩን መሳም አለበት። ካምቢዮው በዘንጉ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር፤ ክብደቱ ዲስኩን ያጣምማል።

መፍቻ 13፦ እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው፤ በብሎን አይጎተትም።

ጠያቂ፦ ዲስኩ ዘንጉ ላይ ያለ ችግር ገባ። ፒኖቹን ስመልስ ግን አንዱ ጠፋብኝ። በአንድ ፒን ልግጠመው?

ዘይት ለባሽ፦ ክሪኩ ሥር ፈልገው፤ ክሪኩ የተንገዳገደው ያለ ምክንያት አይደለም።

የድሮ መካኒክ፦ በአንድ ፒን ቤቱ ይዞራል፤ አይሆንም። ልኩን የጠበቀ ሌላ ፒን አምጣ። የተቆረጠ ብሎን እንዳትተካበት።