ክርክር፦ ጠርሙስ ላይ የቦታ ስም የጻፈ ወይኑን ከዚያ ቦታ ያምጣ?

አወያይ፦
ጉደር፣ አክሱሚት፣ ዱከም፣ ሪፍት ቫሊ። የአገራችን ወይኖች ስም በአብዛኛው የቦታ ስም ነው። ፈረንሳይ ውስጥ «ሻምፓኝ» ብሎ የሚያሽግ ሰው ወይኑን ሻምፓኝ ከሚባለው አካባቢ ማምጣት በሕግ ግዴታው ነው። ለእኛስ እንዲህ ያለ ሕግ ያስፈልገናል? ስድብ የለም። መጠጥ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለው ክርክርም ለሌላ ቀን ይቆይ።

የባቱ ልጅ፦
ያስፈልገናል፣ ያውም ሳይረፍድ። ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አፈሩ አሸዋማ ነው፤ ቀን ፀሐዩ ይበረታል፣ ሌሊት ይበርዳል። የፈረንሳዩ መጠጥ ኩባንያ ካስቴል ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉትን የወይን ዝርያዎች ከ120 ሄክታር በላይ ላይ የተከለው ይህን አይቶ ነው። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ እርሻ ያለበት መርቲ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ የሚሞቅ የአዋሽ ሸለቆ ነው። የሁለቱ ቦታ ወይን አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም። ነገ አንዱ ከሌላ አገር የተጫነ ወይን አምጥቶ «ዝዋይ» ብሎ ቢያሽግ ማን ያስቆመዋል?

ባንኮኒ ጀርባ፦
እኔ የምቀዳው ሰው ነኝ፣ የሚጠየቀውን ልንገራችሁ። «ጣፋጭ ነው ወይስ ድራይ?» በቃ፣ ይኸው ነው። የት እንደበቀለ የጠየቀኝ የለም። አክሱሚት የሚያዝ ጣፋጭነቱን ፈልጎ ነው። ቀዩን በኮካ፣ ነጩን በስፕራይት ወይም በአምቦ ውሃ ደባልቆ የሚጠጣ ደንበኛ ሞልቷል። በኮካ ለሚጠጣ ሰው ስለ አፈር ልትነግሩት ነው? ሕግ ካወጣችሁ የስኳሩን መጠን በጉልህ አስጽፉልኝ። ድራይ መስሎት አዝዞ ፊቱን አጨማዶ የሚመልሰው ከእኔ ጋር እንጂ ከሕግ አውጪው ጋር አይጣላም።

የባቱ ልጅ፦
የማይጠይቀው የሚጠይቀውን ስላልሰጠነው ነው። ቡና ላይ ሲሆን ይርጋጨፌ ነው ሐረር ብሎ የማይለይ አለ እንዴ?

ሕግ አጥኚ፦
ቡናውን ካነሳችሁት በደንብ እናንሳው። ኢትዮጵያ ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለማስመዝገብ ያመለከተችው እንደ ንግድ ምልክት ነበር። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም በ2007 በስምምነት አለቀ። የፈረንሳዩን ዓይነት የአካባቢ ስያሜ ያልመረጠችበት አንዱ ምክንያት፣ ቡናው ማሳቸው ትንንሽ ከሆነ እጅግ ብዙ ገበሬዎች ስለሚመጣ እያንዳንዱን ከረጢት ከየት መጣ ብሎ መቆጣጠር ከባድ መሆኑ ነው። ወይን ላይ ይህ ሰበብ አይሠራም። እርሻው የታወቀ ነው፣ አጥር አለው፣ ባለቤት አለው።

ደግሞም ሕግ የለም አትበሉ። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሕዝብን በምርቱ መልክዓ ምድራዊ ምንጭ የሚያሳስት ምልክት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። የጎደለው «ዝዋይ» ማለት ከየት እስከ የት እንደሆነ የሚወስን ደንብ ነው።

ልቅ ገበያ፦
ሕግ አጥኚ፣ ያንን ደንብ ማን ይጽፈዋል? ገበያውን የያዙት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ናቸዋ! ለራሳቸው በልክ ያሰፉትና ሦስተኛ ሰው እንዳይገባ አጥር ያደርጉታል። ጣሊያን ምን እንደሆነ አንብቡ። ቶስካና ውስጥ ሳሲካያ የሚባል ወይን በዋናነት ከካበርኔ ሶቪኞን ተሠርቶ የ1968 ምርቱ ለገበያ ወጣ። የአካባቢው ደንብ ቦታ ስላልነበረው ለዓመታት «የገበታ ወይን» ተብሎ፣ በተራው መደብ ተሸጠ። ተራ የተባለው ወይን ከባለ ማዕረጎቹ በላይ ዋጋ አወጣ። ደንቡ ተስተካክሎ ማዕረግ የሰጠው በ1994 ነው። እኛ ገና የትኛው ዝርያ የት እንደሚስማማው እየሞከርን ነው። የካስቴል ሪፍት ቫሊ ገበያ ከወጣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው? የፈረንሳይዋ ቡርጎኝ መነኮሳት ማሳ ከማሳ ሲለዩ ዘመናት ፈጅቶባቸዋል።

መግረዣ፦
እኔ የማሳ ሰው ነኝ፣ ሁለታችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። አውሮፓ ውስጥ ወይን ክረምቱን ይተኛል፣ በበጋ ያፈራል፣ በመኸር ይለቀማል። ቀን መቁጠሪያውን የሚይዘው ብርዱ ነው። ከምድር ወገብ ስምንት ዲግሪ ርቆ ባለ ቦታ ብርድ ስለማያስተኛው ተክሉ ዓመቱን ሙሉ ነቅቶ ነው የሚኖረው። የሚለቀምበትን ጊዜ የምትወስነው አንተ ነህ፣ በመቀስና በውሃ። ዛሬ ብትገርዘው ከአራት ወር ገደማ በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ በዓመት ሁለቴ መልቀም ይቻላል። ግን ሁለቱንም ጊዜ ሙሉ ምርት ከወሰድክበት ተክሉ ይደክማል፤ ደግሞ አንዱ ለቀማ ዝናብ ላይ ከወደቀ ዘለላው ይሻግታል። ጥሩ ወይን የፈለገ የክረምቱን ዝናብ አሳልፎ በደረቁ ወራት እንዲደርስለት ቆጥሮ ይገርዛል፣ ሌላው ግረዛ ለቅርንጫፉ እንጂ ለፍሬው አይሆንም።

ይህን ያነሳሁት የፈረንሳይን ደንብ ቀድተን እናምጣ ለምትሉ ነው። እዚያ መስኖ ለረጅም ጊዜ በጥብቅ የተገደበ ነገር ነበር። ባቱ ላይ ያለ መስኖ ወይን የለም። ውሃው ደግሞ የሐይቁ ነው፣ አበባ እርሻውም ሽንኩርትና ቲማቲም አምራቹም ከዚያው ይቀዳል። የዝዋይ ወይንን ስም ማስጠበቅ የሚፈልግ መጀመሪያ ሐይቁን ያስጠብቅ።

የጠጅ ወዳጅ፦
እናንተ ለሜርሎ ትጨነቃላችሁ፣ ጠጃችን ግን በስኳር እየተጣለ ሲሸጥ ዝም። መጀመሪያ «ጠጅ» የሚለው ስም ማር ላለበት ብቻ ይሁን!

አወያይ፦
ጋሼ፣ እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፣ በሚቀጥለው እናነሳዋለን። ወደ ወይኑ።

ሕግ አጥኚ፦
ልቅ ገበያ የሚፈራው ሌላ ዓይነት ደንብ ነው። ደቡብ አፍሪካን እዩ። በ1973 የጀመረችው የወይን ምንጭ ሥርዓት ምን ዝርያ እንደምትተክል፣ ከሄክታር ስንት እንደምታመርት አያዝህም። ስቴለንቦሽ ብለህ ከጻፍክ ወይኑ መቶ በመቶ ከስቴለንቦሽ ይሁን ይልሃል፣ አለቀ። (በነገራችን ላይ እነሱም በ1935 «ሻምፓኝ»ና «ቡርጎኝ» የሚሉ ስሞችን ላለመጠቀም ከፈረንሳይ ጋር የተስማሙት ፈረንሳይ የባሕር ክሬይፊሻቸውን (ሎብስተር መሰል የባሕር እንስሳ) እንድትገዛላቸው ነበር። የስም ነገር ሁሌም ከኋላው ንግድ አለው።) የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሳሲካያን የሚያስር ደንብ አንጻፍ፣ የበቀለበትን ቦታ ግን አስገድደን እናስጽፍ።

ልቅ ገበያ፦
ጉደርንና አክሱሚትንስ ምን ልታደርጓቸው ነው? ከአያቶቻችን ጀምሮ በስማቸው የሚጠሩ ናቸው። አክሱሚት የሚጠጣ ሰው ወይኑ ከአክሱም መጣ ብሎ አያስብም።

ሕግ አጥኚ፦
ስማቸው ይቆይ፣ የቆየ የንግድ ምልክት ነው። ከጀርባው «ወይኑ የበቀለበት፦ እዚህ ቦታ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ከዛሬ ወዲያ አዲስ የቦታ ስም የሚያወጣ ግን ከዚያው ያምጣ።

ባንኮኒ ጀርባ፦
ከዚያ መስመር ሥር «ጣፋጭ» ወይም «ድራይ» ካለበት እኔም ፈርሜያለሁ።

ልቅ ገበያ፦
አንዱን መስመር አልቃወምም። ማን ያረጋግጣል ነው ጥያቄዬ። ሁሉም የፈለገውን ጽፎ ሊያሽግ ነው።

መግረዣ፦
ከቡናው ይልቅ ቀላል ነው። አንድ ቶን ዘለላ በአማካይ ከ700 ሊትር ብዙም አይዘልም፣ 900 ጠርሙስ ገደማ መሆኑ ነው። የማሳው ስፋት ይታወቃል፣ በለቀማ ጊዜ ሚዛን ላይ የወጣው ይመዘገባል። ከዚያ ማሳ ሊወጣ ከሚችለው በላይ ጠርሙስ ከታሸገ ትርፉ ከየት መጣ ተብሎ ይጠየቃል።

ልቅ ገበያ፦
ምርቱ ባነሰበት ዓመት ጎዶሎውን ከውጭ በጅምላ በገባ ወይን ቢሞላውስ? ጠርሙሱ ቁጥር ልክ ይመጣላችኋል።

መግረዣ፦
ለዚህ ነዋ ሚዛኑ የሚያስፈልገው። የታሸገው ከማሳው ስፋት ጋር ሳይሆን በዚያው ዓመት ከተመዘነው ጋር ይነጻጸር፣ የጉምሩኩም ሰነድ አብሮ ይታይ።